ሁለት ባላ ወይስ ሁለት ዛፍ?

አበው ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ምክር ትተውልን ሲሄዱ ምን ማድረግ ይገባናል? በአንድ በኩል «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይሉናል። በሌላ በኩል ደግሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው ይገሥጹናል። የመጀመሪያው ተረት በአንድ ነገር ብቻ የሚተማመነውን ሰው ሞኝ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሁለት ነገር የሚሻማውን ሰው ስስታም ያሰኘዋል። ሁለቱንም በልጅነታችን ሰምተናቸዋል፤ ካደግንም በኋላ እንደየአስፈላጊነቱ እየመዘዝን ሌላውን መክረንባቸዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመን «እናንተ እርስ በርሳችሁ አትጣሉም ወይ?» ብለን የጠየቅናቸው ግን ጥቂቶች ነን።

ጥያቄው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ለክፉ ቀን ተጠባባቂ ማኖር ጥበብ ነው ወይስ እምነት ማጣት? ተለዋጭ ጎማ ሳይዝ ረጅም መንገድ የሚወጣን ሾፌር «በመኪናው የሚተማመን ጀግና» አንለውም፤ ዝርክርክ እንለዋለን። ሚስቱን እያቀፈ «ይህች ባትሆን ያቺ አለች» እያለ በሆዱ የሚያሰላውን ባል ደግሞ «አስተዋይ» አንለውም፤ ከሃዲ እንለዋለን። በአንዱ ዘንድ ግዴታ የሆነው በሌላው ዘንድ ነውር የሚሆነው ለምንድን ነው?

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ እንዳስብበት ያደረገኝ ያልጠበቅሁት ነገር ነው፤ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ።

መርካቶ፣ በርበሬ ተራ አካባቢ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው አንድ አዛውንት አውቃለሁ። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው በር ላይ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ የወንድማቸው ልጅ ስልኩ ላይ የአንድ ዘመናዊ የውጭ አገር ጠመንጃ ፎቶግራፍ አሳያቸው። «ጋሼ፣ ከላይ የተሰካው መነጽር መሆኑ ገብቶኛል። ከፊትና ከኋላ ታጥፈው የተኙት ብረቶች ግን ምን ይሠራሉ?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አድርገው ካዩ በኋላ «መነጽሩ የታመመ ቀን የሚነሱ ናቸው» አሉት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የቀድሞ ጠመንጃ ማነጣጠሪያው ብረት ብቻ ነበር። ከአፈሙዙ አጠገብ አንድ ጉጥ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን ቀረብ ብሎ አንድ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ አለ። ተኳሹ ዓይኑን፣ ስንጥቁን፣ ጉጡንና ኢላማውን በአንድ መስመር ያሰልፋል፤ ከዚያ በኋላ ቃታ መሳብ ብቻ ይቀረዋል። የሚታጠፍ ማነጣጠሪያም ቢሆን ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። አባቶቻችን የፈረንሳይኛ ስሙን ወደ ራሳቸው አፍ አምጥተው ውጅግራ ያሉት፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነው ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያው የሚታጠፍ ሰሌዳ ነበር፤ ለቅርብ ይተኛል፣ ለሩቅ ይቆማል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት በባትሪ የሚሠራ መነጽር አያውቅም፤ የሚያውቀው ዓይኑንና ብረቱን ነበር።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤምፖይንት የተባለ የስዊድን ኩባንያ በመስተዋት ውስጥ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማነጣጠሪያ ለገበያ አቀረበ። ተኳሹ ሁለት ብረት ማሰለፍ ቀረለት፤ ነጥቡን ኢላማው ላይ ማሳረፍ በቂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ደግሞ የአሜሪካ ጦር የጠመንጃውን አናት ጠፍጣፋ አድርጎ መነጽር የሚሰካበት ሐዲድ አበጀለት። ያኔ አንድ የቆየ ጥያቄ ተነሣ። መስተዋቱ ቢሰነጠቅስ? ጭጋግ ቢሸፍነውስ? ድንጋዩ ቢያልቅስ? መልሱ ወደ አሮጌው ብረት መመለስ ሆነ። ብረቱ ግን ሁልጊዜ ቆሞ ቢውል መነጽሩን ስለሚጋርድ፣ ታጥፎ እንዲተኛና በተፈለገ ጊዜ ብቻ እንዲነሣ ተደረገ።

እንዲህ ያለውን ማነጣጠሪያ የሚመርጥ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ከፕላስቲክ የተሠራው ቀላል ነው፤ ሙቀትና ግጭት ግን ይፈታተነዋል። ከብረት የተሠራው ይከብዳል፤ ነገር ግን ይቆያል። አንዱ ሲጫኑት በሞላ ዘሎ ይነሣል፤ ሌላውን በጣት ማንሣት ያስፈልጋል። ከተነሣ በኋላ በእጅጌ ሲነካ ተመልሶ የሚተኛ ከሆነ ከንቱ ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆለፍ አለበት። የፊቱና የኋላው ብረት ተራርቀው በተቀመጡ መጠን የዓይን ስሕተት ይቀንሳል። ቁመቱ ከመነጽሩ ጋር የተመጣጠነ ከሆነ ደግሞ፣ ነጥቡ በጠፋ ጊዜ መነጽሩን ሳይነቅሉ በዚያው በመስተዋቱ ውስጥ አሻግሮ ማነጣጠር ይቻላል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ማንም ጠመንጃ እንዲገዛ አይደለም። በአገራችን ጉዳዩ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣለት ነው። ከዚህም ሌላ፣ ካለፉት ዓመታት ጦርነቶች በኋላ የጠመንጃ ስም ሲነሣ በየቤቱ ፊቱ የሚጠቁር እናት፣ አባት፣ ወንድም ብዙ ነው። እኔን የሳበኝ ጋሼ በመጨረሻ ለልጁ የነገሩት ነገር ነው።

«ልጄ» አሉት፣ «ብረቱን ገዝቶ ማሰር ቀላል ነው። በሰላሙ ቀን ተኩሶ፣ መነጽሩ የሚመታበት ቦታ ብረቱም መምታቱን ያላየ ሰው ተጠባባቂ አለኝ አይበል። ብረት ተሸክሜአለሁ ይበል።»

በእኔ እምነት የጥያቄያችን ግማሽ መልስ እዚህ ላይ ነው። ተጠባባቂ የሚባለው ነገር ስላለ ብቻ ተጠባባቂ አይሆንም። ከዋናው ጋር ተመሳክሮ፣ ተስተካክሎ፣ ተፈትኖ መቀመጥ አለበት። ያልተፈተነ ተጠባባቂ ከምንም አይሻልም፤ እንዲያውም ይከፋል። ምንም የሌለው ሰው ቢያንስ የሌለው መሆኑን ያውቃልና ይጠነቀቃል። ያልተፈተነ ተጠባባቂ ያለው ሰው ግን ዋናውን በቸልታ ይይዛል፤ «ቢጠፋም አለኝ» ይላል፤ በጭንቁ ቀን እጁን ሲሰድድ የሚያገኘው የዛገ ማጠፊያ ነው።

ይህ የወታደር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ታላላቆቹም ይፈተኑበታል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ ሳተላይት መርከብን በሚመራበት ዘመን የከዋክብት ነገር ምን ያደርጋል በማለት ይመስላል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰማይ ከዋክብት አቅጣጫን የመለየት ትምህርት ከግዴታ ትምህርቶቹ አወጣው። ሳተላይቱ ሊታወክ፣ ኮምፒዩተሩ ሊጠቃ የሚችል መሆኑ ሲያሳስበው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 መልሶ ማስተማር ጀመረ። ሴክስታንት የተባለው የከዋክብት መለኪያ በሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። እሱን የሚያነብ ሰው ግን በሣጥን አይቀመጥም፤ በየጊዜው መማር አለበት። ብረት ታጥፎ ይተኛል፤ ችሎታ ታጥፎ ከተኛ ይሞታል።

ቀሪውን ግማሽ መልስ ለማግኘት ከጠመንጃው ወደ ሱቁ እንመለስ። መርካቶ የሚጣል ነገር የማያውቅ ሠፈር ነው። ምናለሽ ተራን የጎበኘ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለሌላው ያበቃለት ብረት እዚያ ተደብድቦና ተቃንቶ እንደገና ለአገልግሎት ይሰለፋል። ጋሼም የዚሁ ሠፈር ሰው ናቸውና መደርደሪያቸው ላይ በቁጥር የሚናገር ዲጂታል ሚዛን አላቸው፤ ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ በጆንያ የተጠቀለለ ባለሁለት ሰሃን አሮጌ ሚዛን አለ። መብራት ሲጠፋና የአዲሱ ሚዛን ባትሪ ሲደክም አሮጌው ይወጣል። ቋንቋችን ለሁለቱም «ድንጋይ» የሚል ቃል ሰጥቷቸዋል፤ ልዩነቱ የባትሪው ድንጋይ ያልቃል፣ የሚዛኑ ድንጋይ አያልቅም። ጋሼ አንዳንድ ቅዳሜ ሱቅ ከመዝጋታቸው በፊት አንዱን ኪሎ በርበሬ በሁለቱም ሚዛን ይመዝኑታል። ያ እንደ ወታደሩ የሰላም ቀን ተኩስ መሆኑ ነው።

እንግዲህ አንድ ሱቅ፣ ሁለት ሚዛን። ይህ በራሱ ደግ ነው ወይስ ክፉ? መርካቶ ውስጥ የታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው። በሁለቱም ደጅ የሚነበቡት ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ናቸው። ኦሪት ዘዳግም በከረጢት ውስጥ ታላቅና ታናሽ የሚዛን ድንጋይ መያዝን ይከለክላል። በቁርዓን ደግሞ ለራሳቸው ሲቀበሉ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰጡ አጉድለው በሚሰፍሩ ሰዎች ስም የተጠራ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን። ሁለቱም የሚያወግዙት የሚዛንን ሁለት መሆን አይደለም። የሚያወግዙት የኪሎን ሁለት መሆን ነው። መግዣ ኪሎና መሸጫ ኪሎ ያለው ነጋዴ ሁለት ሚዛን ቢኖረውም ባይኖረውም ወንጀለኛ ነው። አንድ ኪሎን በሁለት ሚዛን የሚጠብቅ ነጋዴ ግን ከአንድም ሁለት ምስክር ያቆመ ሰው ነው።

አበው አልተጣሉም ማለት ነው። ሁለት ባላ አንድ ማገር ይሸከማሉ፤ ቢበዙም የሚደግፉት ቤት አንድ ነው። ሁለት ዛፍ ግን ሁለት መድረሻ ነው። የመጀመሪያው ተረት ስለ መሣሪያ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ዓላማ። መሣሪያህን ብታበዛ ለዓላማህ መጨነቅህን ያሳያል። ዓላማህን ብታበዛ ግን ለአንዱም አለመጨነቅህን ያጋልጣል። የታጠፈው ብረት መነጽሩን አልከዳም፤ የሚያየው መነጽሩ የሚያየውን ኢላማ ነውና። ያ ባል ሚስቱን የከዳው ግን ሁለተኛ መንገድ ስላበጀ ሳይሆን ሁለተኛ ኢላማ ስላበጀ ነው። ትዳሩን የሚወድ ሰውም ተጠባባቂ ያስፈልገዋል፤ የእሱ ተጠባባቂ ግን ሌላ ሴት ሳትሆን ፍቅር በቀዘቀዘ ቀን ቤቱን የሚያቆሙ ሌሎች ባላዎች ናቸው፤ ትዕግሥት፣ ይቅርታ፣ የሽማግሌ ምክር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይመጣል። «ሁሉን በአንድ ነገር ላይ ያደረገ ሰው አይበልጥም ወይ? መመለሻ የሌለው ሰው አይደለም ወይ ታሪክ የሚሠራው?» የሚል ሰው አይጠፋም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው መሞትን መርጠዋል፤ ይህም ውሳኔያቸው እስከ ዛሬ የብዙዎቻችንን ልብ ይነካል። እኔም ከሚነካቸው አንዱ ነኝ። ይሁን እንጂ የሚነካን ነገር ምን እንደሆነ ለይተን ብናየው መልካም ነው። የምናደንቀው ለክብራቸው ምትክ ያላበጁ መሆናቸውን ነው። ምግብ፣ ባሩድ ወይም ወዳጅ በመጠባበቂያ አለመያዝን አይደለም። ንጉሡ የጋፋትን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ሲያሠሩ የነበሩት ለዓላማቸው መሣሪያ ማብዛት ስለፈለጉ ነው። ለመሣሪያ ምትክ ማበጀት ብልኅነት ነው፤ ለክብር ምትክ አለማበጀት ጽናት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ያለ ጠብ ሊያድሩ ይችላሉ። ክፋቱ የሚጀምረው ስናገላብጣቸው ነው፤ ለመሣሪያችን ግትሮች፣ ለክብራችን ደግሞ አማራጭ አዋቂዎች ስንሆን።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ብረትና ስለ ሚዛን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ተጠባባቂው ሰው ሲሆን ነው።

ዛሬ መርካቶ ውስጥ ብዙ ሰው ክፍያ በስልክ ይቀበላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከትልቁ ጅምላ ነጋዴ እስከ ትንሹ ሻይ ሻጭ ድረስ ስልክ ይዘረጋል። ኔትወርክ ሲጠፋ የወረቀቱ ብር ይወጣል። የወረቀቱ ብር በኪስ ከሌለስ? የዱቤ ደብተሩ ይወጣል። የዱቤ ደብተሩ በመጨረሻ ሲታይ ምንድን ነው? «ነገ ታመጣለህ» የሚል እምነት ነው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ በስተጀርባ ታጥፎ የተቀመጠው የመጨረሻው ብረት ሰው በሰው ላይ ያለው እምነት ነው። ያም እምነት እንደ ማነጣጠሪያው በሰላሙ ቀን ካልተፈተነ በጭንቁ ቀን አይነሣም። ደንበኛው ዓመቱን ሙሉ «እንደምን ዋልክ» ሳይለው የኖረ ባለሱቅ፣ ኔትወርክ በጠፋ ቀን ዱቤ ሲጠየቅ ፊቱ ቢጠቁር አይፈረድበትም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲቃጠል የብዙዎች የዓመታት ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ ሆኗል። እንዲህ ባለ ሌሊት ማግሥት ነጋዴ ዞሮ የሚያየው ምንድን ነው? የዕቁብ ጓደኛውን፣ የዕድር ዳኛውን፣ የአገር ቤት ወንድሙን፣ ዕቃ በዱቤ የሚያወርድለትን ሰው ያያል። እነዚህ ናቸው ባላዎቹ። ይህ እንግዲህ የምጨነቅበትን ጥያቄ ያመጣል፤ ሰውን ለክፉ ቀን ብሎ ማኖር ይገባል ወይ?

ብዙዎቻችን እንዲህ የምናኖረው ዘመድ አለን። ሥራ ሲሰምር፣ ቤት ሲሞላ ስልኩን አንደውልለትም፤ በዓል ሲሆን «ሌላ ጊዜ» እንላለን። መነጽራችን ጥርት ብሎ ሲያሳየን እሱ ታጥፎ ይተኛል። ድንጋዩ ያለቀ ቀን ግን ስሙን እናስታውሳለን፤ «ወንድሜ» ብለን እንጀምራለን። ብረት በዚህ አይቀየምም። ታጥፎ ዓሥር ዓመት ቢተኛ «ለምን ረሳኸኝ?» አይልም። ሰው ግን ይላል፤ ባይልም ያውቃል። ሰውን እንደ ብረት ማጠፍ ኃጢአቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠብቀውን ሰው የራሱ ሕይወት፣ የራሱ ኢላማ፣ የራሱም ክፉ ቀን እንደሌለው አድርጎ ማየት።

ታዲያ በሰው መደገፍ ይቅር ማለት ነው? አይደለም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ማንም ቀብር፣ ማንም ሠርግ አይቃናም ነበር። አባቶችና እናቶች ለዚህ መላ አግኝተውለታል፤ ዕድር ብለውታል። በዕድር ውስጥ ሰው ለሰው ተጠባባቂ ነው፤ ነገር ግን ማንም ታጥፎ አይቀመጥም። ሞት በሌለበት ወር እንኳ መዋጮ ይከፈላል፣ ስብሰባ ይካሄዳል፣ የቀረ ይቀጣል። የዋህ ሰው «ማንም ሳይሞት ለምን እንሰበሰባለን?» ሊል ይችላል። ዕድሩ ግን ጋሼ ስለ ብረቱ የተናገሩትን ያውቃል፤ ተጠባባቂ በሰላሙ ቀን መፈተን አለበት። ከብረቱ የሚልቅበትም ነገር አለው፤ እያንዳንዱ አባል በተራው ዋናም ተጠባባቂም ነው። ዛሬ የእኔን ድንኳን የሚተክል ሰው ነገ እኔ የእሱን እተክላለሁ። ሰውን በተጠባባቂነት ማኖር የሚፈቀደው፣ እኛም ለእሱ ተጠባባቂ ሆነን ስንገኝ ብቻ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ጠመንጃው አንድ መነጽርና ሁለት ብረት ይኑረው፤ ሁሉም በአንድነት የሚነግሩት ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ነው። ቃታው ይሳብ ወይስ አይሳብ፣ በዚያ ማዶ የቆመው ማን ነው የሚለውን አንዳቸውም አይነግሩትም። ሚዛኑም እንደዚሁ ነው፤ የኪሎውን ልክ ይናገራል እንጂ በረሃብ ዘመን ኪሎውን በስንት መሸጥ እንደሚገባ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ህሊና ነው። ለህሊና ደግሞ ተጠባባቂ የለውም። ይህኛው እንቢ ሲል የሚነሣ ሌላ፣ ለስለስ ያለ፣ «ሁሉም እንዲሁ ያደርጋል» የሚል ሁለተኛ ህሊና ያበጀ ሰው ባላ አልተከለም፤ ሁለት ዛፍ እየወጣ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ባላ ትከል። ለመሣሪያህ፣ ለገንዘብህ፣ ለእውቀትህ ተጠባባቂ አብጅ፤ ይህ እምነት ማጣት አይደለም፤ ነገሩን የምር መያዝ ነው። ነገር ግን ባላውን ከተከልክ በኋላ አልፎ አልፎ ነቅነቅ አድርገው። ባላው ሰው ከሆነ ደግሞ ቤትህ ሳይዘም ሂድና ጠይቀው፤ ምናልባት በዚያች ቀን የሚዘምመው የእሱ ቤት ሊሆን ይችላል።